ለቤት የሚሆን ላፕቶፕ፤ ኾበር ላለችው የእህቴ ልጅ

ልጄ፣ መልእክትሽ ደርሶኛል። «አጎቴ፣ ለቤት የሚሆን ላፕቶፕ ልንገዛ ነው፤ የቱን ይመክሩናል?» ብለሻል። መጠየቅሽ ደግ አድርገሻል፤ መጠየቅ ሊቅ ያደርጋል። የጠየቅሽው ግን እኔን ብቻ እንዳልሆነ አውቃለሁ። የባለቤትሽ ጓደኛ አንዱን ብሏል፣ የሱቁ ልጅ ሌላውን ብሏል፣ ቲክቶክ ላይ ያለው ጎረምሳ ደግሞ የሁለታችሁን የወራት ደመወዝ የሚበላውን አሳይቷል። «በቅሎ ግዙ ግዙ፣ አንድ አሞሌ ላያግዙ» የተባለው እንዲህ ላለው መካሪ ነው። እኔ የዕቃ ስም ከመጥራቴ በፊት ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ልበልና ከቤትሽ ልጀምር።

በዚያ ቤት ማን ምን ሊሠራበት ነው? ለኢሞና ለዋትስአፕ ከሆነ ስልክሽ ይበቃል። ደሴ ካለችው እናትሽ ጋር ፊት ለፊት ለመተያየት ላፕቶፕ አያስፈልግም። አብሸር በሚባለው የመንግሥት መተግበሪያ የኢቃማን (የመኖሪያ ፈቃድን) ጉዳይ ለማየትም ቢሆን ስልክ ይሻላል። ትልቁ ልጅሽ የቤት ሥራውን ጽፎ የሚልክበት፣ ባለቤትሽ የሥራ ማመልከቻውን አሳምሮ የሚያዘጋጅበት፣ አንቺ ደግሞ ማታ ማታ የምትማሪበት ከሆነ ግን ያኔ ነገሩ ሌላ ነው። ትዝ ይልሽ እንደሆነ በ2020 በኮቪድ ትምህርት ቤቱ ሁሉ ሲዘጋ የሳዑዲ ትምህርት ሚኒስቴር መድረሰቲ የሚባለውን የኢንተርኔት ትምህርት ጀመረ። በአንዲት ስልክ ላይ ወንድምና እህት ሲሻሙ ያየ ወላጅ ኮምፒውተር ለልጅ ቅንጦት እንዳልሆነ ያኔ ገብቶታል። አገር ቤትም ቢሆን በ2024 አምስት ሚሊዮን ኢትዮጵያውያን ኮደሮች የተባለው ነፃ ሥልጠና ተጀምሯል፤ የ12ኛ ክፍል ፈተናም ለተወሰኑ ተማሪዎች በኮምፒውተር መሰጠት ጀምሯል። እንዲህ ያለውን በስልክ እንወጣዋለን ማለት ጣትንም ዓይንንም መጉዳት ነው።

(ዓመቱን በፈረንጅ የምጠራልሽ እዚህ የለመድነው እሱን ስለሆነ ነው፤ እንዳትታዘቢኝ።)

አሁን ከሁሉ በላይ የምለውን ልንገርሽ። እኛ ኾበርና ደማም ላይ የምንገዛው ዕቃ ሁሉ ሁለት አገር ኗሪ ነው። ዛሬ እዚህ ሳሎን ይቀመጣል፣ ነገ ወይ በሻንጣ ደሴ ይገባል፣ ወይ ለታናሽ ወንድምሽ ይላካል። ያንቺን ቤት እንኳ ብናይ፣ ለእያንዳንዱ የቤተሰብ አባል በዓመት 4,800 ሪያል የመኖሪያ ክፍያ እየተከፈለ ልጆቹ እዚህ እስከ መቼ እንደሚቆዩ የሚያውቀው አላህ ነው። በ2017 በወር 100 ሪያል ብሎ የጀመረው ክፍያ በ2020 400 ደርሶ ቀረ፤ በእሱ የተነሳ ስንቱ ሰው ቤተሰቡን አገር ቤት እንደሸኘ አንቺም ታውቂያለሽ። ስለዚህ የምትገዢው ላፕቶፕ የኾበርን እርጥበት የሚችል፣ የደሴን መብራት መጥፋት የሚታገሥ፣ ሲበላሽም ፒያሳ ላይ ያለ ጠጋኝ ከፍቶ የሚያውቀው መሆን አለበት። ውበቱን፣ ቅጥነቱን፣ ብራንዱን የምናየው ከዚያ በኋላ ነው።

ሱቅ ስትገቢ መጀመሪያ የሚነግሩሽ «ኮር አይ 7 ነው!» የሚለውን ነው። አደራ፣ በዚህ ቁጥር እንዳትደናገሪ። ሰባት የማዕረጉ ስም ነው፤ ዕድሜውን አይነግርሽም። ዕድሜውን የሚናገረው ቀጥሎ ያለው ቁጥር ነው። ለምሳሌ ኮር አይ 7 ሆኖ 6600ዩ የሚል ከተጻፈበት የስድስተኛው ትውልድ ነው፤ በ2015 የወጣ፣ ሁለት ኮር ብቻ ያለው ሽማግሌ ነው። በአጠገቡ ኮር አይ 3 ሆኖ 1215ዩ የሚል ብታዪ የ12ኛው ትውልድ ነው፤ ስድስት ኮር አለው፣ የወጣውም በ2022 ነው። ሻጩ ግን የመጀመሪያውን ከፍ አድርጎ ያሳይሻል፣ ሁለተኛውን «እሱ እንኳ ለሕፃን ነው» ይልሻል። በሬ ሆይ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ፣ ይኸው ነው። ቁጥሩ በ6፣ በ7፣ በ8 ከጀመረ ትውልዱ እሱ ነው፤ በ10፣ በ11፣ በ12፣ በ13 ከጀመረም እንደዚያው። ኤኤምዲ የሚባለው ደግሞ የራሱ ተንኮል አለው፦ ራይዘን 5 7520ዩ ሰባት ሺህ ስለተባለ አዲስ ይመስላል፤ ሦስተኛዋ ቁጥር ሁለት መሆኗ ግን ውስጡ የቀድሞው ንድፍ እንደሆነ ትናገራለች። 7530ዩ ከሆነ ሦስት ናት፣ ይሻላል። ሰው ቁጥሩን እንዳይመረምር ሆን ብለው ያወሳሰቡት ይመስለኛል።

ትውልዱን ይህን ያህል የማጠብቀው ያለ ምክንያት አይደለም። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን ነፃ ጥበቃ ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አቁሟል። ለግለሰብ ተጠቃሚ የተጨመረው የአንድ ዓመት ማራዘሚያም በኦክቶበር 2026 ያበቃል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ በአብዛኛው ከኢንቴል ስምንተኛ ትውልድ በታች ያለውን በደንቡ አይቀበልም። ታዲያ በኾበርና በደማም ያሉ ኩባንያዎች ያረጁትን ኮምፒውተሮቻቸውን ሲያወጡ የት ይገባሉ? ሐራጅ ላይ፣ ትንንሽ ሱቆች ውስጥ፣ «ንጹሕ ነው፣ የድርጅት ነው» እየተባሉ። ዕቃው እውነትም ንጹሕ ሊሆን ይችላል። ሌኖቮ ቲንክፓድ፣ ዴል ላቲቲዩድ፣ ኤችፒ ኤሊትቡክ የሚባሉት ለቢሮ የተሠሩ ጠንካሮች ናቸው፤ ለመክፈት ቀላል ናቸው፣ መለዋወጫቸውም አገር ቤት ይገኛል። እኔ እንደውም አዲስ ሆኖ ከሚንቀጠቀጥ ርካሽ ላፕቶፕ፣ ያገለገለ ግን ስምንተኛ ትውልድና ከዚያ በላይ የሆነ የቢሮ ላፕቶፕ እመርጣለሁ። ሰባተኛና ከዚያ በታች ከሆነ ግን በነፃ ካልሰጡሽ በቀር አትንኪው።

ያገለገለ ስትገዢ ያልጠረጠረ ተመነጠረ ነው። መብራቱን ነቅለሽ በባትሪ ብቻ አሥር ደቂቃ አስሠሪው። ቴክኒሻኑን የባትሪውን ሪፖርት አውጣልኝ በይው፤ ዊንዶውስ ራሱ ባትሪው ሲሠራ ምን ያህል ይይዝ እንደነበርና ዛሬ ስንት እንደሚይዝ ጽፎ ያሳያል። ግማሹን ካጣ የአዲስ ባትሪ ዋጋ ከዋጋው ይቀነስ። አጥፍተሽ ስታስነሺው ባዮስ ላይ የይለፍ ቃል የሚጠይቅ ከሆነ፣ ወይም ሲከፈት የአንድ ድርጅት ስም አውጥቶ «የድርጅቱን አካውንት አስገቢ» የሚል ከሆነ አመስግነሽ ውጪ። እንዲህ ያለው ገና ከባለቤቱ እጅ በወጉ አልወጣም፤ የተሰረቀም ሊሆን ይችላል። በሰው አገር በተሰረቀ ዕቃ መጠየቅ የሚያስከትለውን አንቺ አታጪውም። ሻጩ የራሱን ደረሰኝ ካላሳየሽ፣ ዋጋው ምን ቢያጓጓ ይቅርብሽ።

ስለ ራምና ስለ ማከማቻ ብዙ አልልም። ማከማቻው ጎተራ ነው፣ ራሙ ምጣድ ነው፤ ጎተራሽ ቢሞላ ምጣድሽ ጠባብ ከሆነ ልጆቹ እንጀራ እየጠበቁ ያመሻሉ። ዛሬ ለቤት 8 ጊጋ ራም መነሻው ነው፣ 16 ከተገኘ ለብዙ ዓመት ያደርሳል። ማከማቻው ኤስኤስዲ ይሁን፤ 256 ይበቃል፣ 512 ይመቻል። 4 ጊጋ ራም ከ64 ጊጋ ማከማቻ ጋር አድርገው በሚያምር ቀለም የሚሸጡት አዲስ ላፕቶፕ አለ፤ ዊንዶውስ ራሱን ሲያድስ ብቻ ይሞላል፣ ማከማቻው ከሰሌዳው ጋር የተበየደ ስለሆነም አይቀየርም። ለልጄ ይበቃል ብለሽ እንዳትገዢው፤ ልጁ ኮምፒውተርን የሚጠላው በዚያ ነው። «ችግር የለም፣ ፎቶሽን ክላውድ ላይ ታስቀምጫለሽ» ካሉሽም የወር ክፍያው ሲቋረጥ፣ ደሴ ገብተሽም ኢንተርኔቱ ሲንቀራፈፍ ላም አለኝ በሰማይ እንደሚሆን ንገሪያቸው። የሠርግሽን ቪዲዮ በውጫዊ ዲስክ አኑሪው።

ለጨዋታ ተብሎ የሚሠራው ከባዱ ላፕቶፕ፣ ማራገቢያው የሚጮኸው፣ ባትሪው ቶሎ የሚያልቀው ለእናንተ ቤት አይደለም። አልጠግብ ባይ ሲተፋ ያድራል። ልጁ ቢለምንሽም አትስሚው።

ማክቡክን የጠየቅሽኝ ለብቻው ስለሆነ ለብቻው ልመልስ። ከ2020 መጨረሻ ጀምሮ ኤም በሚባለው ቺፕ የሚሠሩት ማክቡክ ኤር ጥሩ ናቸው፤ ማራገቢያ የላቸውም፣ ስለዚህ አቧራ ስቦ የሚያስገባ ነገር የለም፣ ባትሪያቸውም ረጅም ነው። ለአንቺ ግን አልመክርሽም። ራሙን በኋላ መጨመር አይቻልም፣ ስክሪኑ ቢሰበር የሚጠይቅሽ ዋጋ ሌላ ላፕቶፕ ይገዛል፣ አገር ቤትም ሁሉ የሚከፍተው አይደለም። ያላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል እንዲሉ፣ ያልለመደ ጠጋኝ እጅ ከገባ አለቀለት። ያገለገለ ማክቡክ ከሆነ ደግሞ የቀድሞው ባለቤት አካውንቱን ፊትሽ ካልነቀለ በቀር እጅሽን አትዘርጊ።

ቋንቋውን አትርሺ። እዚህ የሚሸጠው ሁሉ ቁልፎቹ ላይ ዐረብኛም እንግሊዝኛም ተቀርጾበታል፤ ያ ጥሩ ነው፣ አማርኛ የምንጽፈው በእንግሊዝኛዎቹ ፊደላት ነውና። ዊንዶውስ ከቪስታ ዘመን ከ2007 ጀምሮ የአማርኛ ፊደልና ኪቦርድ አብሮት ይመጣል፤ ኪይማን የሚባለውንም በነፃ ማውረድ ይቻላል። ለአማርኛ ብሎ ገንዘብ የሚጠይቅሽ ካለ ሳቂበት። አንድ ነገር ግን ከመክፈልሽ በፊት እዪ፦ ዊንዶውሱ «ሆም ሲንግል ላንጉዌጅ» የሚባለው ዓይነት ከሆነና ዐረብኛ ከተደረገበት፣ ወደ እንግሊዝኛ ለመመለስ ትቸገሪያለሽ። ወረቀቱ ላይ «ዶስ» የሚል ካለ ደግሞ ዊንዶውስ የለውም ማለት ነው፤ ርካሽ የሆነበት ምክንያት ያ ነው። የዊንዶውሱን ዋጋ ስትጨምሪበት ልዩነቱ ይጠፋል።

ስክሪኑ 14 ወይም 15.6 ኢንች፣ ጥራቱ 1920 በ1080፣ የማያንጸባርቅ ይሁን። በቂ ነው።

የት ልግዛ ላልሽው፣ አዲስ ከሆነ ጀሪር አለ፣ ኤክስትራ አለ (ኤክስትራማ ዋና መሥሪያ ቤቱ እዚያው ኾበር ነው)፣ ሉሉም አለ። ዋጋቸው በየሳምንቱ ይለያያል፤ በሴፕቴምበር 23 የብሔራዊ ቀን ሰሞንና ትምህርት ቤት ሲከፈት ቅናሽ ያወጣሉ። ሦስቱን በስልክሽ አወዳድሪና ሂጂ። በትንሽ ሱቅ ከሆነ «ቫት ጨምሮ ነው ወይ?» ብለሽ ጠይቂ፤ ከጁላይ 2020 ጀምሮ 15 በመቶ ስለሆነ 2,000 ያሉሽ 2,300 ሊሆን ይችላል። ሻጩ ኮሚሽኑን እንደሚያስብ እወቂ፤ ከጅብ ጅማት የተሠራ ክራር ቅኝቱ እንብላው እንብላው ነው። ቦርሳ፣ አንቲቫይረስ፣ ተጨማሪ መድን እያለ ይደረድርልሻል። ዊንዶውስ የራሱ መከላከያ አለው፣ ቦርሳውንም ከገበያ ርካሽ ታገኚዋለሽ።

ክፍያውን በአራት እንከፋፍልልሽ የሚሉት ታማራና ታቢ አሉ። ክፉ ናቸው አልልም፤ ደመወዙ በቀኑ ለሚገባለት ሰው ይመቻሉ። የባለቤትሽ ከፊል (አሠሪው) ደመወዝ እንደሚያዘገይ ግን አንቺው ነግረሽኛል። ሪያሉ በእጅሽ ካለ ከፍለሽ ውጪ፤ ከሌለ ሁለት ወር ቆዪ። ሳይቸግር ጤፍ ብድር አይሁን። ኹሩጅ (የመጨረሻ መውጫ) ሊመቱ ሲሉ ያልተከፈለ ዕዳ የተገኘባቸው ሰዎች የሚንገላቱትን አይቻለሁ።

በኢንተርኔት ከገዛሽ፣ የሳዑዲ የኢንተርኔት ንግድ ሕግ ዕቃው ከደረሰሽ ጀምሮ በሰባት ቀን ውስጥ፣ ካልተጠቀምሽበት፣ ሐሳብሽን ቀይረሽ መመለስ እንድትችዪ ይፈቅዳል፤ የመመለሻውን ወጪ ግን አንቺ ትችያለሽ። ስለዚህ ካርቶኑን ቀድደሽ አትጣዪ። ፋቱራውን (ደረሰኙን) ደግሞ እንደ ኢቃማሽ ያዥው። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ በዚህ ጉዳይ ሞኝ መሆን ያዋጣል። ፋቱራው በሙቀት የሚታተም ወረቀት ስለሆነ በጥቂት ወር ይደበዝዛል፣ እዚያው ሱቁ በር ላይ ፎቶ አንሺው። ደማኑ (ዋስትናው) ስንት ዓመት እንደሆነና የሚጠግነው ሱቁ ይሁን ወይስ ፋብሪካው ጠይቂ። አልቀበልም ቢሉሽ የንግድ ሚኒስቴር የአቤቱታ ስልክ 1900 ነው። መጻተኛ ነኝ ብለሽ አትፍሪ፤ ፋቱራ ያለው ገዢ ገዢ ነው።

ከገዛሽ በኋላ ዕቃውን የሚገድለው የኾበር አየር ነው። ኦገስት ላይ ኤሲ ካለበት ቤት ስትወጪ መነጽርሽ ጭጋግ እንደሚለብሰው ሁሉ ላፕቶፑም ውስጥ እርጥበቱ ይይዘዋል፤ ወደ ኮርኒሽ ይዘሽው ከወጣሽ ጥቂት ሳይቆይ አታብሪው። መኪና ውስጥ ትተሽ ሉሉ መግባት የለም፤ የመኪናው ሙቀት ባትሪውን በአንድ በጋ ያስረጀዋል፣ አንዳንዱንም ያሳብጠዋል። አሸዋ አዘል ነፋስ በነፈሰ ሰሞን መስኮት ሥር አይቀመጥ፤ አልጋና ምንጣፍ ላይም አይሠራ፣ የማራገቢያው መተንፈሻ ይዘጋል። በዓመት አንድ ጊዜ አስከፍተሽ አስጠርጊው።

ቻርጀሩን ገልብጠሽ አንብቢ። ከ100 እስከ 240 ቮልት፣ 50 እና 60 ኸርዝ የሚል ከሆነ እዚህም አገር ቤትም ይሠራል። የሳዑዲ መብራት 60 ኸርዝ ነው፣ የኢትዮጵያ 50፤ ላፕቶፑ ግድ የለውም። (ማቀዝቀዣና ማጠቢያ የሚጭኑት ልጆች ግን ይህን ባለማወቅ ሞተር ያቃጥላሉ።) የሳዑዲው መሰኪያ ሦስት እግር ቢሆንም ደሴ ስትገቢ ሙሉ ቻርጀር መግዛት የለብሽም፤ ግድግዳው ላይ የሚሰካው ገመድ ብቻ ይቀየራል። በዩኤስቢ ሲ የሚሞላ ብታገኚ ደግሞ የተሻለ ነው። ሳዑዲ ለስልክ ከጃንዋሪ 2025፣ ለላፕቶፕ ከኤፕሪል 2026 ጀምሮ ይኸው መሙያ ይሁን ብላ ደንብ አውጥታለች፤ አንድ ቻርጀር ለስልክም ለላፕቶፕም ይሆናል። ስትሄጂም ላፕቶፑን በእጅ ሻንጣ ያዥው፤ ትርፍ ባትሪ ካለሽ በሚጫነው ሻንጣ ማስገባት ክልክል ነው።

አንድ የቀረኝ፦ ሱቅ ውስጥ «እኔ ላስተካክልልሽ» የሚል ልጅ አካውንት ከፍቶ የይለፍ ቃል እንዳያወጣልሽ። ጌታዋን የተማመነች በግ ላቷን ከደጅ ታሳድራለች። የባንክሽና የአብሸርሽ መግቢያ በሚቀመጥበት ዕቃ ላይ የይለፍ ቃሉን የምታውቂው አንቺና ባለቤትሽ ብቻ ሁኑ። ለልጆቹ የየራሳቸውን አካውንት ክፈቺላቸው፤ ትንሹ ያንቺን ፎቶ የሚደመስሰው በክፋት አይደለም።

እንግዲህ ፍርዴን ከፈለግሽ፦ ገንዘቡ ካለ አዲስ፣ 14 ኢንች፣ 12ኛ ትውልድና ከዚያ በላይ ወይም የዚያ አቻ ራይዘን፣ 16 ጊጋ ራም፣ 512 ኤስኤስዲ። ገንዘቡ ካጠረ ያገለገለ የቢሮ ቲንክፓድ ወይም ላቲቲዩድ፣ ከስምንተኛ ትውልድ የማያንስ፣ ፋቱራ ያለው። ከሁለቱ ውጭ ያለውን ተዪው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ነውና በዚህ ሳምንት ካልተገዛ ብለሽ አትንደርደሪ። ጁምዓ ማታ ሱቅ ስትገቡ፣ ከመክፈላችሁ በፊት የዋጋውን ካርድና ከሥሩ ያለውን ቁጥር ፎቶ አንስተሽ በዋትስአፕ ላኪልኝ፤ እኔ ከዒሻ በኋላ ነቅቼ እጠብቃለሁ።